ወደ ተራራው ዞረው ኮፍያ የሚያወልቁ አዛውንት

ሃይሚ ክፉ ልጅ አልነበረችም፤ ጥፋቷ ኮምፒውተሯን ከሰው አብልጣ ማመኗ ነው። ሲግናል በሚባለው ሰፈር ባለች ጠባብ ቢሮ፣ የጠፉ ሰዎችን ለሚያፈላልግ ማኅበር ትሠራለች። የየመጠለያው መዝገብ ፎቶ እንኳ ሳይኖረው በጽሑፍ ብቻ እየተላከ እሷ ኮምፒውተር ላይ ባለው የመረጃ ቋት፣ ዳታቤዙ ውስጥ ይገባል።

እማማ በለጡ ቤተ ክርስቲያኑ ካለበት ተራራ፣ ከየካ ሚካኤል ሰፈር የመጡት በጥቅምት ነበር። ባላቸው አቶ ዓለሙ የመርሳት ሕመም ይዟቸው፣ በነሐሴ ከቤት እንደወጡ ቀርተዋል። እማማ መጠለያዎቹን በእግራቸው ሲያስሱ ከርመው እግራቸው አባብጧል።

"መለያቸው ምንድን ነው?" አለቻቸው ሃይሚ።

"ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለም አያልፍም። ታክሲ ውስጥ እንኳ ሆኖ ባርኔጣውን ያወልቃል።"

ሃይሚ መጀመሪያ በስማቸው፣ ቀጥላ "ባርኔጣ"፣ "ይሳለማል" እያለች ፈለገች። ምንም አልመጣም።

"የሉም እማማ። ሁሉም መዝገብ እዚህ ስላለ ከእንግዲህ አይንከራተቱ። ሲገኙ እኔው እደውላለሁ።"

"ማክሰኞ አያት ሰፈር ወዳለው መጠለያ ልሄድ ነበር እኮ።"

"ይተዉት፤ እግርዎን ያሳርፉ።"

መረቋት። ከዚያም በየበዓሉ እየደወሉ ይመርቋት ጀመር።

ዳታቤዙ ግን የሚያውቀው ቃል እንጂ ትርጉም አልነበረም፤ የተጠየቀውን ቃል ካጣ "የለም" ብሎ ቁጭ ነው። ነገሩ ሃይሚን ሲከነክናት ከርሞ በሚያዝያ አዲስ የመፈለጊያ ዘዴ ሠራች፦ ቃሉ ባይገጥምም ሐሳቡ የተቀራረበው መዝገብ ከላይ እንዲመጣ። ለሙከራ የእማማን ንግግር እንዳለ ጻፈችው።

የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ "አያት መጠለያ። ስማቸውን የማያውቁ አዛውንት። ጠዋት ጠዋት ወደ ተራራው ዞረው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ዝም ይላሉ።" የተመዘገበው በመስከረም ነው።

በደስታ ዘላ ተነሥታ ወደ መጠለያው ደወለች።

"እሳቸው በጥር አረፉ" አለች የመጠለያው ሠራተኛ። "ጠያቂ ስላልመጣ እኛው ቀበርናቸው።"

"የለም" ያለው ኮምፒውተሩ ነው፤ "ይተዉት" ያለችው ግን እሷ ናት። ይህንን በማንም ልታላክከው አልቻለችም።

በስልክ የሚነገር አይደለምና የየካ ሚካኤልን ዳገት በእግሯ ወጣችው። እማማ በለጡ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሲያዩዋት ብድግ አሉ።

"እግሬን እዪው እስቲ! እብጠቱ ድራሹ ጠፋ። አንቺ ነሽ ያሳረፍሽኝ፣ ዕድሜ ይስጥሽ። ሲገኝ ደግፌ ይህን ዳገት የማወጣው እኔ አይደለሁ?"

ሃይሚ ተንበርክካ ሁለቱንም እግራቸውን ያዘች።