ለሁለት ሰው የምትበቃ መኪና

አለቃዋ «እግዜር ያጥናሽ» ሲላት እንኳ ዓይኑ እሷ ላይ አልነበረም። በትከሻዋ ላይ አልፎ፣ በመስኮቱ አሻግሮ፣ ግቢው ጫፍ ያለውን ጋራዥ ነበር የሚያየው። የጋራዡ በር ገርበብ ብሏል፤ ከውስጥ የአንዲት ቀይ መኪና አፍንጫ ይታያል። ሰውየው የልጅቱን እጅ ይዞ አልለቅም አለ። እጁ ሞቃትና እርጥብ ነው። ቀስ ብላ አስለቀቀችና መዳፏን በቀሚሷ ጠረገችው።

አባቷን ትናንት ነው የቀበሩት። ሳሎኑ ከጎረቤት በተዋሷቸው ወንበሮች ተጣቧል፤ የሚገባው ይገባል፣ የሚወጣው ይወጣል። እናቷ ጥግ ላይ ተቀምጣ ሻይዋን ሳትቀምሰው ታቀዘቅዛለች። ከቀብር ከተመለሱ ወዲህ አንድ ቃል ከአፏ አልወጣም።

አለቃዋ ከአጎቷ ጎን ተቀመጠ። አጎቷ የሟች ታናሽ ወንድም ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ብቻ ባለ ትልቅ መኪና ሲያይ ወገቡ በራሱ ጊዜ ይታጠፋል።

«ያቺ ቀይ የእሳቸው ነበረች?» አለ አለቃዋ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አዎ። ሠላሳ ዓመት እንደ ሕፃን አቅፏት ኖረ። ሁለት ወንበርና የሸራ ጣሪያ፤ ሌላ ምን አላት?»

«የስፖርት መኪና መሆኗ ነው እንግዲህ።» ጥርሱን የሚጎረጉርበትን እንጨት ከአንዱ የአፉ ጥግ ወደ ሌላው አዞረው። «ጊዜ ያለፈባት ናት። ለማሳያ ግን ታምራለች።»

ያለፈባት። ልጅቱ ይህን ስትሰማ ቀፈፋት። የቀፈፋት ሰውየው ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ቃሉ የራሷ ነው።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ይህች ልጅ የምትሠራው እዚሁ ሰውዬ ዘንድ፣ መኪና መሸጫ ውስጥ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። የምትሸጣቸው መኪኖች ከሰው ቁመት ይበልጣሉ፤ ውስጣቸው፣ መሪው አጠገብ፣ ቴሌቪዥን የሚያህል ነገር ተገትሯል። ከመስመር ብትወጡ ይጮሁባችኋል፣ ቀበቶ ብትረሱ ይጮሁባችኋል፣ አርፋችሁ ስትሄዱም አንድ ነገር ፈልገው ይጮሁባችኋል።

አባቷ ደግሞ መካኒክ ነበር። የራሱን መኪና ሲሠራ ልማዱ ምን መሰላችሁ? መፍቻ ከማንሳቱ በፊት ዙሪያዋን እየዞረ፣ እያንዳንዱን ነገር በጣቱ እየነካ፣ «ይህ ለምን አለ?» ይላል። መልስ ያጣበትን ይነቅለዋል። ሬዲዮኑን ነቀለ። የሲጋራ መለኮሻውን ነቀለ። ምንጣፉን አንስቶ ወለሉን ባዶ ብረት አደረገው። እናቷ አንድ ቀን «እኔንስ መቼ ነው የምትነቅለኝ?» ብትለው፣ «አንቺ ለምን እንዳለሽ አውቃለሁ» አላት፤ ሳምንቱን ሙሉ ፊቷ በርቶ ሰነበተ።

እሁድ እሁድ አባትና ልጅ በዚያች መኪና ይዞራሉ። ሲሄዱ እሱ ይነዳል፣ ሲመለሱ እሷ። እሱ አጭር ነው፣ እሷ መለሎ። ስለዚህ መሪውን በተረከበች ቁጥር ከወንበሩ ሥር ያለውን እጀታ ስባ፣ ወንበሩን በጥርሳም ሐዲዱ ላይ፣ ቀጭ ቀጭ እያለ፣ ሁለት ጥርስ ወደ ኋላ ትገፋለች። ቤት ሲደርሱ ሳትወርድ «ቦታዬን መልሺልኝ» ይላታል። ትመልስለታለች።

አምና ግን አንድ እሁድ ምሳ ላይ፣ ከመሥሪያ ቤቷ የመጣ አንጸባራቂ መጽሔት ዘርግታ አዲስ መኪና ልትሸጥለት ሞከረች። ለገዛ አባቷ።

«አባዬ፣ ያለፈባት ናት እኮ። ዕቃ አትጭን፣ ቤተሰብ አትይዝ። ለሁለት ሰው ብቻ የምትበቃ መኪና ዛሬ ማን ይፈልጋል?»

«ለመጫወት ስንት ሰው ያስፈልጋል?»

«ፍጥነት የሚያምረው ሀብታም አዲስ ይገዛል።»

«እሱማ ይግዛ፣ ማን ከለከለው። እኔ ስለ ደሞዝተኛው ነው የማወራሽ። ለደሞዝተኛ የሚሠሩለት መኪና ሁሉ ቁም ሣጥን ነው የሚመስለው። እሱ መታጠፊያ ላይ ልቡ ትንሽ ከፍ እንዳይል ማን ፈረደበት? ቀላል፣ ርካሽ፣ ራሱ ፈትቶ የሚገጥማት፤ እንዲህ ያለች አንድ መኪና ለእሱ አትገባውም?»

ሳቀች። ደንበኛ የማይሆን ነገር ሲናገር የምትስቀውን ያንን የመሸጫ ሳቅ። አባቷ ሳቁን አወቀው። ብርጭቆውን ይዞ ተነሣና ወደ ጋራዡ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ «ነይ እንዙር» ብሏት አያውቅም። እሷም እንዙር አላለችም፤ ሥራ በዛባት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አለቃዋ ተመልሶ መጣ። አጎቷ ኮሪደሩ ላይ ያዛት።

«ሰውየው መኪናዋን ይፈልጋል። እናትሽ እንደሆነ አትናገርም፤ ውሳኔው ያንቺ ነው። አለቃሽ መሆኑንም አትርሺ። እምቢ ብትይው እንጀራሽ ነው።»

«ጋሼ፣ ገና ሦስት ቀኑ እኮ ነው።»

«ታዲያ መኪናዋ ምን ታደርግልሻለች? ትነጃታለሽ?»

ጥያቄው ራሱ ቀፈፋት። በጎኑ አልፋ ሄደች።

ሳሎን ስትገባ አንዲት ነርስ ለለቅሶ መጥታለች። የልጅቱ አባት ከወዳደቀ መኪና መሀል አንዲት ሰማያዊ፣ የቀይዋን እህት፣ ፈልጎ ያስነሣላት ሴት ናት። ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው ፈትተው ገጥመዋታል። አሁንም በእሷ ነው የመጣችው፤ በሁለት ግዙፍ መኪኖች መካከል ስላቆመቻት ጣሪያዋ እንኳ በመስኮቱ አይታይም ነበር።

አለቃዋ ግን ሲገባ አይቷታል። «ውጭ ያለችውን ሰማያዊ ቆርቆሮ ማነው የጣላት?» አለ፣ ለማሳቅ።

«እኔ ነኝ» አለች ነርሷ በቀስታ። «ከአዳር ሥራ መውጣቴ ነው፣ ጌታዬ። ሌሊቱን ሁለት ሰው ሞተብኝ። ቤቴ ሦስት ልጆች አሉ፤ እንዲህ ሆኜ አልገባባቸውም። በወንዙ ዳር ባለው ጠመዝማዛ መንገድ ዞሬ ነው የምገባው። ማርሹን ስቀይር፣ ነፋሱ ሲመታኝ፣ ደጄ እስክደርስ መልሼ ሰው እሆናለሁ።»

«በደህና መኪናም መዞር ይቻላል።»

«በእናንተዋ መኪናም ሞክሬዋለሁ። እሷ ናት የምትነዳኝ።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። አለቃዋ እንጨቱን አላመጠ። ልጅቱ የሻይ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ወጥ ቤት ገባች፤ ከዚያች ሴት ፊት መቆም አልቻለችም።

ብርጭቆዎቹን አጥባ ሳትጨርስ ነው ድምፁን የሰማችው። ሞተር ለማስነሣት የሚታገል ሰው አለ። ይፍጨረጨራል፣ ያቆማል፣ ደግሞ ይፍጨረጨራል፤ በየመሀሉ የነዳጁ ፔዳል ጧ ጧ ይላል። ወዲያው የቤንዚን ሽታ በመስኮቱ ገብቶ ሳሎኑን ሞላው። ለቀስተኞቹ አፍንጫቸውን በመሐረብ ያዙ።

እናቷ በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች።

«አፈኗት። ነዳጁን እየደጋገሙ ይረግጡታል። እሱ ስንት ጊዜ ተናግሯል።»

ልጅቱ እጇን ሳታደርቅ ወደ ጋራዡ ወጣች። አለቃዋ ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገፍቶ፣ ቦርጩን ከመሪው ጋር አጣብቆ ተቀምጧል። የታኘከችው እንጨት አባቷ ባጸዳው ባዶ ብረት ላይ ወድቃለች።

«ቁልፉን ከየት አመጣችሁት?»

አጎቷ መሬት መሬት አየ። «ከአባትሽ ቱታ ኪስ።»

ቱታው አሁንም በር ሥር፣ ሚስማሩ ላይ ነው። ኪሱ እንደ ምላስ ተገልብጦ ወጥቷል።

«ይቺ ሞታለች» አለ አለቃዋ። «ግን ግድ የለም። ሞተሯን አውጥተን መግቢያው ላይ እናቆማታለን፣ ወለሉ ላይ ዘይት እንዳታንጠባጥብ። ሰው አጠገቧ ፎቶ ይነሣል፣ ‹አይ ጊዜ› ይላል፣ ከዚያ ትልቁን ገዝቶ ይሄዳል። አንቺን ደግሞ አጠገቧ አቆምሻለሁ። የባለቤቷ ልጅ ነች ሲባል ደንበኛ ሆዱ ይባባል። አንቺ ይህን ሥራ ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች። ያስጠላትም ማወቋ ነው።

«ይውረዱ» አለችው።

«ምን?»

«ከወንበሩ ይውረዱልኝ። አትሸጥም።»

ሰውየው እየተንፈራገጠ ወጣ፤ ከዚያች ዝቅ ያለች መኪና መውጣት ለእሱ ቀላል አልነበረም። ኮቱን አራገፈ። «ሰኞ ቢሮ እንነጋገራለን።»

«እሺ። በእሷ ነው የምመጣው።»

አጎቷ ተከትሎት ሊሄድ አለና ቆመ። «ሞታለች እያለሽ እኮ ነው ሰውየው።»

«አልሞተችም ጋሼ። ቤንዚን በዝቶባት ነው። ኮፈኗን ይክፈቱላትና ትንሽ ትተንፍስ። ከዚያ ነዳጁን አንዴ እስከ ታች ረግጦ ይዞ ማስነሣት ነው፤ ደጋግሞ መርገጥ የለም።»

አጎቷ ኮፈኑን ከፈተና፣ ሌላ የሚያደርገው ሲያጣ፣ ሄዶ የቱታውን ኪስ ወደ ውስጥ መለሰው። ከዚያ ቀስ ብሎ ወጣ።

ልጅቱ የታኘከችውን እንጨት በጨርቅ አንስታ ጣለች። ሰውየው የነካውን መሪ በዚያው ጨርቅ ጠረገች፤ ደግማ ጠረገች። ከዚያ ገባችና እጀታውን ስባ፣ ወንበሩን እየጎተተች ጥርስ በጥርስ ወደ ፊት አመጣችው፣ አባቷ ቦታ እስኪደርስ። ቦታውን ሳትቆጥር ታውቀዋለች። ጉልበቶቿ ከመሪው ጋር ገጠሙ። እግሯ ፔዳሉ ላይ አልመች አላት። እንደዚያው ተጣጥፋ፣ የቤንዚኑ ሽታ እስኪቀንስ ድረስ ተቀመጠች።

ቦታዬን መልሺልኝ የሚል አልነበረም።

እጇን ከወንበሩ ሥር ሰደደችና እጀታውን ሳበች። ሁለት ጥርስ ወደ ኋላ፣ ወደ ራሷ ቦታ፣ ገፋችው። ቀጭ አለ። ደግሞ ቀጭ አለ።