ልብስ ማስጣት የተዘጋበት ሰሞን

እሑድ፣ ከስብከቱ በኋላ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ባፓ ኮሪኑስ ከወንበራቸው ተነሥተው መነጽራቸውን አስተካከሉና ጉባኤው ሁሉ እንዲቆም አዘዙ። ቆምን።

«ከዛሬ ጀምሮ» አሉ፣ «በባሕሩ በኩል ልብስ ማስጣት ተዘግቷል። እንግዳችን የሚፈልገውን ፎቶ እስኪያገኝ ድረስ እርጥብ ልብስ ገመድ ላይ የሰቀለ ሰው፣ የሚደርስበትን ራሱ ይወቀው።»

ጸሎት ተደረገ። አሜን አልን።

ይህ ሳሲ ይባላል። ዓሣው እንዲያርፍና እንዲረባ ስንፈልግ ባሕሩን በጸሎት እንዘጋለን፤ ቀኑ ሲደርስ በጸሎት እንከፍታለን። በመካከል እጁን የሰደደ ሆዱ ያብጣል። የሚስቴን አጎት አብጦ አይተነዋል። ሐኪሙ ጉበት ነው ብሎ ነበር፤ እኛ ግን የት ሲጠልቅ እንደ ነበር እናውቃለን። ልብስ ግን ተዘግቶ አያውቅም።

ሐሳቡን ያመጣችው የወንድሜ ሚስት ማማ ዶርካስ ናት። ውሃው ላይ በእንጨት የቆሙ ሁለት የእንግዳ ጎጆዎች አሏት። አምና የማዶዋ ደሴት ፎቶ በአንድ መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣ። ውሃ፣ ጎጆ፣ ሌላ ምንም። ከዚያ ወዲህ እንግዳ የጫነ ጀልባ ሁሉ በፊታችን ያልፋል፤ ሰዎቹም ደግ ስለሆኑ እጃቸውን ያውለበልቡልናል። ዘንድሮም ጎጆዎቹ ባዷቸውን ከከረሙ ዶርካስ እንጨቱን ሸጣ ሶሮንግ ከተማ እህቷ ዘንድ ልትገባ፣ ፋብሪካ ውስጥ ዓሣ ስትቆርጥ ልትውል ነው። ስለዚህ ጋሊህ የሚባል ፎቶ አንሺ ከጃካርታ ደውሎ ለዚያው መጽሔት እንደሚመጣ ሲነግራት፣ ወጥታ የመንደሩን ገመድ ሁሉ ቃኘች። ከሁሉም የባፓ ኮሪኑስ ሱሪዎች ከሩቅ ይታያሉ። ሰፋፊ ናቸው።

ጋሊህ ገና ከጀልባ ሳይወርድ፣ «እባካችሁ እንደ ወትሯችሁ ኑሩ። እኔ ያለውን ነው የማነሣው። አንድ ነገር አልነካም» አለ።

«እኛ ወትሮም እንዲህ ነን ልጄ» አለችው ዶርካስ። እኔ ከኋላዋ የዝናቡን ሰማያዊ ሸራ እየጠቀለልኩ ነበር።

በየጧቱ ጎህ ሳይቀድ በጀልባዬ ይዤው ከመንደሩ ፊት ለፊት ወዳለው ገደል እሻገራለሁ። እንወጣለን። ካሜራውን በባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ ላይ ይተክላል፣ ያያል፣ ይተነፍሳል።

«ባፓ ኦቤት፣ ያ ቢጫ ነገር ምንድነው?»

«ጄሪካን።»

«ሊነሣ ይችላል?»

«ያለውን ነው የማነሣው ብለህ ነበር።»

«ያለማ አለ። ግን ቢጫ ነው።»

በማግሥቱ ጄሪካኑ ተነሣ፣ ደመና መጣ። ደመናው ሲሄድ የእኔ ሞተር ጀልባ ቦታውን ሰው የነካው አስመሰለችበትና ወስጄ ከድንጋይ ጀርባ ደበቅኳት። ከዚያ ውሻ ተገኘ። ውሻውን አሰርነው፣ ነፋስ ተነሥቶ ውሃውን አሻከረው።

«ዛሬ ምን ሆነ?» አልኩት አንድ ቀን፣ ሁሉም ነገር ጸጥ ብሎ ሳለ።

«ብርሃኑ ጠፍጣፋ ነው።»

«ፀሐይዋ እኮ ወጥታለች።»

«ወጥታለች። ግን ጠፍጣፋ ናት።»

ካሜራው አንድ ቀን እንኳ ድምፅ ሲያሰማ አልሰማሁም።

መንደራችን ከጀርባው ገደልና ጫካ ነው። ፀሐይም ነፋስም የሚገኘው በባሕሩ በኩል ብቻ ነው። ስለዚህ ሰዉ ልብሱን ማድቤት ውስጥ፣ ዓሣ በሚጨስበት እሳት ላይ መስቀል ጀመረ። የሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንሰበሰብ ሁላችንም የተጨሰ ዓሣ ሸተትን። የመንደሩ ድመቶች በሩ ላይ ተሰልፈው ስብከቱን እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

የባፓ ኮሪኑስ ሚስት ማማ ሳሎሚና ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ «ክፈትልን እንጂ» አለቻቸው።

«ፎቶውን አገኘ?»

«የት አገኘና!»

«እንግዲህ። የተባለው እስኪያገኝ ነው።»

«እስከ ቅዳሜ ብለህ ብትዘጋው ምን ነበረበት? ለዓሣው ሁልጊዜ ቀን ትቆርጣለህ።»

«ዓሣ አይነጫነጭም» አሉ ባፓ ኮሪኑስ፣ እርጥብ ሱሪያቸውን ከጭናቸው እያላቀቁ።

ለእንግዳው ግን ማንም አልነገረውም። ልነግረው ብዬ ነበር፤ ዶርካስ ከለከለችኝ። «ገመድ እንደ ተዘጋ ከነገርከው ገመድ እንዳለን ያውቃል። ካወቀ ደግሞ ወደ ማዶ ይሄዳል። እኔም ወደ ሶሮንግ።»

ማታ ማታ የሳጎ ዛፍ ዱቄት ገንፎና የዓሣ ሾርባ ታቀርብለትና ትጠይቀዋለች።

«ዛሬስ አገኘህ ልጄ?»

«ተቃርቤያለሁ ማማ።»

«ሚስት የለውም» አለች ሳሎሚና ከበሩ ሥር። «ብትኖረው ብርሃንሽ ጠፍጣፋ ነው እያለ ልጅ ሳይወልድ ያረጅ ነበር።»

ጋሊህ አልሰማም። ሸሚዙን እያሸተተ ነበር። «ማማ፣ ልብሴ ሁሉ ጭስ ጭስ ይላል።»

«የባሕር ሽታ ነው» አለችው። የእሱንም ልብስ አጥባ እዚያው እሳቱ ላይ ነበር የምታደርቀው።

ከዚያ አንድ ጧት ውሃው እንደ መስተዋት ረግቶ ነጋ። ደመና የለም። ብርሃኑ ከጎጆዎቹ ሥር ገብቶ እንጨቶቹን አንድ በአንድ አበራቸው። እኔ እንኳ፣ ከተወለድኩ ጀምሮ የማየው ሰውዬ፣ ለማየት ተነሥቼ ቆምኩ። ጋሊህ ጎንበስ ብሎ ዓይኑን ካሜራው ላይ አደረገ። ጣቱ ተዘጋጀ። ከዚያ ቀና አለ።

«የማነው ያ?»

አየሁ። በአንደኛው ጎጆ በረንዳ መደገፊያ ላይ ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ሱሪና አንድ ቀይ የውስጥ ሱሪ ተሰጥቷል።

«ያንተ ነው» አልኩት።

አፈጠጠ። «ማታ እኔው አጠብኩት። ጭሱ አላስተኛ ብሎኝ…» እጁን ፊቱ ላይ አሳለፈ። «ለማማ ይደውሉላትና ታንሣው፣ ባፓ ኦቤት። ብርሃኑ ሳይሄድ።»

«አትነካውም። ሳሲ ነው። በተዘጋ ቦታ ላይ ያለ ነገር አይነካም።»

ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት። ገመዱን፣ ጸሎቱን፣ ማድቤቱን።

«እኔ በየቀኑ እዚህ ስወጣ ሰዉ ሁሉ እርጥብ ልብስ ለብሶ ነበር?»

«ባፓ ኮሪኑስ እስካሁን አልደረቁም።»

«ለምን አትነግሩኝም ታዲያ?»

«እንደ ወትሯችሁ ኑሩ አልከን። እኛም ወትሮም እንዲህ ነን አልንህ። ከዚያ በኋላ ምን ተብሎ ይነገራል?»

ታች ዶርካስ መጥረጊያ ይዛ ወጣች። ቀዩን የውስጥ ሱሪ ስታይ ቆመች። ቀና ብላ ወደ ገደሉ፣ ወደ እኛ አየች። የዘንድሮ እንጀራዋ በሙሉ በዚያ ካሜራ ላይ የተንጠለጠለ ነበርና ሳሲውን ጥሳም ቢሆን ልብሱን ታነሣዋለች ብዬ ጠበቅኩ። ወደ ቤት ገባች። ስትወጣ ሳፋ ተሸክማለች።

መጀመሪያ የእንግዳውን የውስጥ ሱሪ ነፋስ እንዳይወስደው በመቆንጠጫ ያዘችው። ከጎኑ አንሶላዋን ዘረጋች። ከዚያ ቀሚሶቿን። እጇ አልቸኮለም።

የባፓ ኮሪኑስ በር ተከፈተ። የሳሎሚናን ባለ አበባ ሽርጥ እስከ ደረታቸው አገልድመው ወጡ፤ በእጃቸው ያ ሰፊ ሱሪ አለ። ዶርካስ ወዳሰጣችው ልብስ አዩ። ሆዳቸውን ዳበስ አደረጉ። ከዚያ ያለ ምንም ጸሎት ሱሪያቸውን አራግፈው ሰቀሉት።

ከአጠገቤ ካሜራው ቀጭ አለ።