የሐሙስ ቀሪዎች

ቤት ውስጥ ሬዲዮ ነው የሚሏት። በስሟ የሚጠራት የለም ማለት ይቻላል። ጠዋት ዓይኗን ከገለጠች ጀምሮ አፏ አይዘጋም። ትምህርት ቤት እያለች አስተማሪዎቹ ቦታ ሲቀያይሯት ነው የከረሙት፤ ችግሩ ግን ከዝምተኛ ጋር ሲያስቀምጧት ዝምተኛውም መለፍለፍ ይጀምራል።

ትምህርት ጨርሳ ቤት ስትቀመጥ እናቷ አንድ ነገር ቆረጠች። ወይ ሥራ ታገኛለች፣ ወይ ታላቅ ወንድሟ ቤት ሄዳ መንታዎቹን ትጠብቃለች። መንታዎቹ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ይናከሳሉ። ሬዲዮ ይሄን የሰማች ቀን ለአምስት ደቂቃ ያህል ድምጿ ጠፋ።

ያዳነቻት አክስቷ ናት። አክስቷ ክብደት መቀነሻ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ናት፤ እዚያው ስልክ ደዋይ አድርጋ አስቀጠረቻት። ክሊኒኩ ከአንድ ጫማ መሸጫ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት አለው፣ ይሠራልም፤ ግን ዶክተሩ «ለሠራተኛ ብቻ» ብሎ ለጥፎበታል። ታካሚዎቹ ደረጃውን ወጥተው ሲደርሱ ለሰላምታ እንኳን ትንፋሽ አይተርፋቸውም። አክስቷ ገና በመጀመሪያው ቀን ኮሪደር ላይ ያዝ አደረገቻትና እዚህ ሲስተር እንጂ አክስቴ የሚባል ነገር የለም ብላ አስጠነቀቀቻት። ሬዲዮም እሺ አክስቴ አለቻት።

ፕሮግራሙ የስድስት ወር ነው። ሐሙስ ሐሙስ ሃያ ሰው መጥቶ ይመዘናል፣ ግፊቱን ይለካል፣ ከዶክተሩ ጋር ተነጋግሮ የሳምንቱን ዕቅድ ይዞ ይሄዳል። የመጀመሪያው ወር ላይ ሁሉም ከቀጠሮው ቀድሞ ነው የሚደርሰው። ከዛ ሚዛኑ እንደ በፊቱ ቶሎ ቶሎ አልወርድ ሲል አንዱን ጉንፋን ይይዘዋል፣ አንዷ እንግዳ ይመጣባታል፣ ሌላው ሐሙስ መሆኑን ጭራሽ ይረሳዋል። ሬዲዮ ስትቀጠር የሚመጡት ዘጠኝ ብቻ ነበሩ።

ዶክተሩ ነገር አያንዛዛም፤ ቁርጡን ነገራት። የወሩ የመጨረሻ ሐሙስ አሥራ አራት ሰው ካልመጣ የሐሙሱ ፕሮግራም ይዘጋል። ከተዘጋ ደግሞ ደዋይ ምን ያደርግለታል? ሬዲዮ ከፊቷ መንታዎቹ ድቅን አሉባት።

ሥራዋ ሐሙስ ለቀሩት ዓርብ ዓርብ መደወል ነው። ምን እንደምትል ዶክተሩ በወረቀት ጽፎ ሰጥቷታል፦ ከክሊኒኩ ነው የምደውለው፣ በቀጠሮዎ አልተገኙም፣ ምክንያትዎን ቢገልጹልን። የመጀመሪያዋ ሴት ምክንያቷን ሳትገልጽ ዘጋችባት። ሁለተኛው በገዛ ስልኩ እሱ እራሱ እንዳልሆነ ነገራት። ሬዲዮ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከታ ዝም ብላ እንደ ሰው ማውራት ጀመረች።

ጉድ የመጣው ይሄኔ ነው። ከቀሪዎቹ አንዱ፣ ታክሲ ነጂው፣ ሆዱ ከመሪው ጋር እየታገለ እንደሆነ ነግሯት ሲያበቃ፣ መኪናው ውስጥ ባልና ሚስት ተጣልተው ሁለቱም ጥለውት እንደወረዱ አወራላት። ልብስ ሰፊዋ ስለ ምራቷ ጀምራ ሃያ አምስት ደቂቃ አልበቃትም። ከሁሉም የባሱት ግን ጡረታ የወጡት የሂሳብ መምህር ናቸው። ልጆቻቸው ሁሉ አግብተው ወጥተዋል፤ ቤት ውስጥ የሚያዋራቸው አንድ የግድግዳ ሰዓት ብቻ ነው፤ እሱም ቆሟል። አርባ ደቂቃ ሙሉ ስለ ድሮ ተማሪዎቻቸው ሲያወሩላት ሬዲዮ በሳቅ ከወንበሯ ልትወድቅ ምንም አልቀራት።

በሚቀጥለው ሐሙስ አሥራ ሁለት ሰው መጣ። አክስቷ እንኳን፣ ሰው ማመስገን ጥርሷን የሚያማት አክስቷ፣ መቼስ ይሄ ምላስሽ ለአንድ ነገር ጠቀመ አለቻት። ሬዲዮ አየር ላይ ስትንሳፈፍ ዋለች። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ወንበር ላይ ተጠጋግተው ሲንሾካሾኩ አይታለች፤ ስለ ክብደት መስሏት ትኩረት አልሰጠችውም።

ከዛ ቀጣዩ ሐሙስ ላይ ሰባት መጡ።

ሰባት። እሷ ዓርብ ከጠዋት እስከ ማታ ደውላ፣ ጉሮሮዋ ተዘግቶ፣ ሁሉም እሺ እመጣለሁ ብለዋት። ያልተሳካ ነገር ስታይ ሬዲዮ የምታውቀው መፍትሔ አንድ ነው፦ የበለጠ ማውራት። በነጋታው ለቀሩት ለአሥራ ሦስቱ ደወለችና ስለ ልብሳቸው ሳይቀር ስታወራቸው ዋለች። ዶክተሩ በበሩ ሲያልፍ ቀና ብሎ የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ አየና ሄደ። አንድ ሐሙስ ነው የቀራት።

ሰኞ ወረቀት ፎቶኮፒ ልታደርግ ስትወርድ መምህሩን ጫማ መሸጫው ደጃፍ ደረጃ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። የደረጃውን ብረት ጨብጠዋል። ቀበቷቸው ላይ በሚስማር የተበሱ ሦስት አዳዲስ ቀዳዳዎች አሉ፤ ኮታቸው የሌላ ሰው ይመስላል።

«ጋሼ፣ ዓርብ ጉልበቴን አሞኛል ብለውኝ አልነበር እንዴ?»

ጉልበታቸው ደህና እንደሆነ ነገሯት። ዕቅዱን አንድም ሳያጎድሉ ቤታቸው እየሠሩ ነው፤ በየቀኑ እስከ ክሊኒኩ በር በእግራቸው ይመጡና ይመለሳሉ። ሐሙስም መጥተው ከበር ነው የተመለሱት። ብቻ ሰሞኑን ብድግ ሲሉ ዓይናቸው ላይ ጨለም ይልባቸዋል፤ ለዛ ነው ትንሽ አረፍ ያሉት።

ሬዲዮ ግራ ገባት። «ታዲያ እዚህ ድረስ ከመጡ ለምን አይገቡም?»

መምህሩ እንደተያዘ ልጅ አንገታቸውን ደፉ። ከዛ ግን የመምህርነታቸው ነገር አሸነፋቸውና ጣታቸውን አንስተው ያስረዷት ጀመር።

«የኔ ልጅ፣ ሂሳብ ነው። የመጣሁበት ሳምንት ስንት ደቂቃ አወራሽኝ? ዜሮ። የቀረሁበት ሳምንትስ? አርባ። አንቺ ብትሆኚ የቱን ትመርጫለሽ?»

መምህሩ ደግሞ ለራሳቸው መከላከያ ይሁን ብለው ሌሎቹንም አጋለጡ። ልብስ ሰፊዋም እንደዛው ናት። እንደውም ወንበሩ ላይ ተራ ሲጠብቁ ተንሾካሹከው፣ ደዋይዋ ሥራ እንዳይበዛባት ሐሙስ በሐሙስ እየተፈራረቁ እንዲቀሩ የተስማሙ አሉ። ለሷ አዝነው ማለት ነው።

በሠራተኛው ሊፍት ይዛቸው ወጣች። አክስቷ ግፊታቸውን ለካች፣ ደግማ ለካች፣ ከዛ ምንም ሳትናገር ዶክተሩን ጠራችው። ስምንት ኪሎ ቀንሰዋል። የግፊት ኪኒናቸውን ግን የሚውጡት ያኔ ከባድ ሳሉ በታዘዘላቸው መጠን ነው፤ ግፊታቸው አሁን ከልክ በላይ ወርዷል። ሐሙስ ገብተው ቢሆን ዶክተሩ ያኔውኑ ያስተካክልላቸው ነበር። መድኃኒቱን ቀነሰላቸውና ደረጃ ላይ ወድቀው ቢሆንስ ብሎ ተቆጣቸው። መምህሩ አዎ፣ ልክ ነው ብለው ተቀበሉ።

ሬዲዮ በሩ ጋ ቆማ ነበር። እሷ ስልክ ላይ ስትስቅ የሳቸው ግፊት እየወረደ ነበር ማለት ነው። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ መምህሩም አይናገሩባትም። ዝም ማለት ደግሞ መቼ ችላ ታውቃለች። መምህሩ እንደወጡ ገባች።

«ዶክተር፣ ሰዎቹን የማስቀራቸው እኔ ነኝ» አለችው።

ሁሉንም አወጣችው፤ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ እንደከተተችው ሳይቀር። ዶክተሩ የእስክሪብቶውን ክዳን እያኘከ ሰማት። አክስቷ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ሬዲዮ ከተናገርኩ አይቀር ብላ ሌላም ጨመረች፦ ከዛሬ ጀምሮ የምደውለው ለመጡት ነው። ለቀረ የለም። ዶክተሩ ታዲያ ለቀሩት ማን ሊደውልላቸው ነው ብሎ ጠየቀ። አክስቷ ጉሮሮዋን ጠረገች።

የአክስቷ ስልክ ሰባት ሰከንድ ነው የሚፈጀው። ሬዲዮ አጠገቧ ቁጭ ብላ ሰምታለች።

«ሲስተር ነኝ። ሐሙስ ሁለት ሰዓት ተኩል። ምክንያት አልሰማም።» ጠቅ። የሚቀጥለው።

ሬዲዮ ደግሞ ባለፈው ለመጡት ለሰባቱ ደወለችላቸው። ከሰባቱ አንዷ መጀመሪያ ምን አጠፋሁ ብላ ደነገጠች። ምንም አላጠፉም፣ ስለመጡ ነው ስትባል ወንበር ስባ ቁጭ ስትል በስልኩ ተሰማ። ማክሰኞ ከሰዓት ልብስ ሰፊዋ እራሷ ደወለች፤ ለምንድነው ለኔ ሲስተር የተመደበችብኝ ብላ አቤቱታ ልታቀርብ። ሬዲዮ ልቧ እየፈለገ፣ ምላሷ እያሳከካት፣ ሐሙስ ይምጡና ዓርብ እንጨዋወታለን ብላ ዘጋችው። በሕይወቷ እንደዛ የከበዳት ነገር የለም።

ሐሙስ መምህሩ ከሁሉም ቀድመው ደረሱ። ልብስ ሰፊዋ አኩርፋ መጣች፤ ግን መጣች። አምስት ሰዓት ላይ አሥራ ሁለት ሆኑ። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ላይ አሥራ ሦስተኛው እያለከለከ ገባ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ዶክተሩ ይዘጋል። ሬዲዮ ደረጃው አናት ላይ ቆማ ቁልቁል ታያለች፤ የጫማ መሸጫው ደንበኛ በመጣ ቁጥር ልቧ ይዘላል።

አምስት ደቂቃ ሲቀር ታች ጡሩምባ ተነፋ። ታክሲ ነጂው ነው። ተሳፋሪ መኪና ውስጥ አስቀምጦ፣ አንድ ደቂቃ ብሎ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጣ። ሚዛኑ ፊት ሲደርስ ግን ቆመ። ሁለት ኪሎ ሳልጨምር አልቀርም፣ ሱሪዬ ነግሮኛል፣ ለዛ ነው የጠፋሁት ብሎ ቀስ ብሎ ነገራት። እዚህ ድረስ መጥቻለሁ፣ መጣ ብለሽ ጻፊኝና ልሂድ አላት።

ዶክተሩ በሩ ላይ ቆሞ ያያል። ያልተመዘነ እንደ መጣ አይቆጠርም። ሬዲዮ የታክሲ ነጂው ጆሮ ጋ ጠጋ አለች።

«ነገ ከሁሉም በፊት አንተ ጋ ነው የምደውለው። ጨመርክ ቀነስክ አይደለም ጉዳዩ፤ የመጣ ሰው ይደወልለታል።»

ታች ተሳፋሪው እራሱ ጡሩምባውን ነፋው። ታክሲ ነጂው ወደ መስኮቱ ዞር አለ፣ ወደ ሚዛኑ ዞር አለ፣ ከዛ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትደውይው?»

«ሦስት ሰዓት።»

«ሦስት ሰዓት ሰው የማደርሰው አለኝ። አራት አድርጊውና በደንብ እናወራለን» አለና ሚዛኑ ላይ ወጣ።