የመምህር መሳፍንት ሁለት ወረቀቶች

መምህር መሳፍንት ከሞቱ ሰባት ወር ሆኗቸዋል። ልጃቸው ትህትና ወረቀታቸውን ለመለየት የተቀመጠችው ከጤና ጣቢያው ተረኛነት መልስ፣ ዓይኗ እየተከደነ ነው። ሸዋ ሮቢት በዚያ ሰሞን ጥላውም ያቃጥላል። በማግስቱ ከአዲስ አበባ የቤተ መዛግብት ባለሙያዋ ናርዶስ መጥታ «የጎተራው በር» ስለተባለው የአባቷ ቴአትር የተጻፈውን ሁሉ ትረከባለች።

ቴአትሩ በሰባ ሰባት፣ በድርቁ ጊዜ፣ በከተማው አዳራሽ አንዴ ብቻ ታይቶ የታገደ ነው። ገበሬ ሆኖ የተጫወተው አብዱልሃዲ ካድሬዎቹ ወደተቀመጡበት ዞሮ «ጎተራው ሞልቶ ሆዳችን ለምን ጎደለ?» ሲል ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበ። አብዱልሃዲ በዚያች ቃል ሁለት ዓመት ታሰረ። ከተማው ግን እስከ ዛሬ የሚያነሣው መምህሩን ነው፤ በቀብራቸውም ዕለት ያቺው ቃል ተነግራላቸዋለች።

ትህትና መጀመሪያ የእጅ ጽሑፉን አገኘች። ቃሏ በአባቷ እጅ ተጽፋ ከሥሯ ተሰምሮባታል። ከእሱ በታች ለአጣሪ ኮሚቴ የተጻፈ ደብዳቤ ግልባጭ ነበር። «የተጠቀሰው ዓረፍተ ነገር በድርሰቴ ውስጥ የለም። ተዋናዩ በራሱ ፈቃድ የጨመረው ነው» ይላል። ፊርማው የአባቷ ነው።

ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ባጃጅ ይዛ ጋሼ አብዱልሃዲ ዘንድ ሄደች።

ሽማግሌው ማንጎ ሥር ተቀምጠው ሽንኩርት ይለያሉ። ዓይናቸው ስለደከመ ሁለቱንም አነበበችላቸው።

«አውቀዋለሁ» አሉ እጃቸው ሥራውን ሳይተው። «ያኔ ምርመራ ላይ አንብበውልኛል።»

«ታዲያ ቃሉ የአባባ መሆኑን ለምን አልነገሯቸውም?»

«ምን ብዬ? እናትሽ አንቺን አርግዛ ወሯ ገብቶ ነበር። እኔ ወንደላጤ ነኝ። አንዳችን ከገባን ይበቃል አልሁ።» አንድ የበሰበሰ ሽንኩርት ወደ ጎን ጣሉ። «ጀግና ነበርሁ እንዳትዪ ደግሞ። ወላሂ፣ እዚያ ውስጥ ስረግመው ነው የከረምሁት።»

«ከተፈቱ በኋላስ?»

«መናኸሪያ ቆሞ ጠበቀኝ። አሁን ይናገራል ብዬ ሳየው ‹ሙቀቱ በርትቷል› አለኝ። እኔም ‹በርትቷል› አልሁት። ይኸው እስኪሞት ስለ ሙቀት ስናወራ ኖርን። ልጆቼን አስተማረልኝ፣ ስድራቸውም ከፊት ቆመልኝ። ያቺን አንዲት ነገር ግን ከአፉ ስጠብቅ አረጀሁ።»

«ደብዳቤውን ላስቀረው?»

«እኔን አትጠይቂኝ ልጄ። ለመክሰሱም ለይቅርታውም ጉልበት የለኝ። ግን አባትሽ ክብሪት አላጣም፤ አርባ ዓመት ያስቀመጠው ረስቶት አይመስለኝም።»

በማግስቱ ናርዶስ ወረቀቶቹን እየመዘገበች ደብዳቤው ላይ ስትደርስ ቀና አለች። «ይሄም ይግባ? ቤተሰብ ካልፈለገ ማስቀረት ይችላል።»

«ይግባ» አለች ትህትና። «ስለ ቴአትሩ ስትጽፉ የጋሼ አብዱልሃዲም ስም ይግባ። የታሰሩበትም ዘመን።»

ፈረመች። መኪናው ሲሄድ ይቀለኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ አልቀለላትም። ስልኳን አንሥታ ለሽማግሌው ደወለች።

«ሁለቱንም ሰጠኋቸው፣ ጋሼ።»

«አልሃምዱሊላህ» አሉ። ሲተነፍሱ ተሰማት። ስልኩ ሲዘጋ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ላይ ጋደም አለች።