እግር የመረጠው ድንጋይ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ ስለዚህ ከሥሩ ልጀምር። ቤታችን የሚመጣ ሰው ሁሉ ሳሎኑን አቋርጦ የሚሄደውን ሻካራ መስመር ያይና «ምነው፣ እብነ በረዱ አልበቃችሁም እንዴ?» ይላል። አንዳንዷማ እጇን ደረቷ ላይ ጭና «ውይ! እንዲህ ያለ ንጣፍ ላይ የጨከነው ማነው?» ትላለች። እኔ ነኝ። እኔ ኢፍቱ ነኝ ያስወቀርኩት። ዛሬም ቢሆን አስወቅረዋለሁ።

አባታችን ኦቦ ቢራ ይባላሉ፤ እኔና ወንድሜ ግን አባባ ነው የምንላቸው። ዛሬ ኮንዶሚኒየም የበቀለበት የቱሉ ዲምቱ ሜዳ ላይ ጤፍ ያረሱ ሰው ናቸው። የዓይን ግፊት የሚሉት በሽታ ቀስ በቀስ ብርሃናቸውን ወሰደው። ያም ሆኖ ሰው እጃቸውን ይዞ ሲመራቸው አይወዱም። «ገበያ የምወሰድ በግ ነኝ እንዴ?» ይሉ ነበር።

በአሮጌው የጭቃ ቤታችን መሪ አላስፈለጋቸውም። በባዶ እግራቸው ከመደባቸው ይወርዳሉ፣ እናታችን ከውሲ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ሁልጊዜ ትቀመጥባት የነበረችውን ጎድጎድ ያለች ቦታ በእግራቸው ዳበስ አድርገው ያልፋሉ፣ በሩ ሥር ያለውን ጥቁር ድንጋይ ሲረግጡ «ደረስኩ» ይላሉ። ከዚያ ቀና ብለው እንግዳ ይቀበላሉ። የሰፈሩ የተጣላ ሁሉ ለሽምግልና የሚመጣው እሳቸው ዘንድ ስለነበር እንግዳ አይጠፋም። እንግዳን ከደጅ ተቀብሎ የሚያስገባ አባወራው ነው ብለው ያምናሉ። ተቀምጦ «ግቡ» ማለት ለእሳቸው ስድብ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ሁንዴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ስንት ዓመት ለሰው ቤት ድንጋይና ሲሚንቶ ሲያመላልስ ኖሮ፣ በመጨረሻ አሮጌውን ቤት አፍርሶ በቦታው የራሱን ሊሠራ ተነሳ። «የገበሬ ልጅ ጭቃ ውስጥ ቀረ የሚለኝ ሰው እንዳይኖር» አለ። አልፈርድበትም። ጭቃ ቤት ሲያፈስ አብረን ነው ባልዲ ስንደቅን ያደግነው።

ድንጋይ የመረጥነው ወደ ቃሊቲ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለው የሳህሌ እብነ በረድ ቤት ነው። ከፊት ለፊት የወለልና የማድቤት ድንጋይ ይደረደራል፤ ከኋላ የመቃብር ሐውልት። ሦስታችንም ሄድን። ሳህሌ በየድንጋዩ ላይ ውሃ እያፈሰሰ ያሳየናል፤ ሲረጥብ ነው እውነተኛ ቀለሙ የሚወጣው። ሁንዴ በዓይኑ መረጠ። እኔ ለማድቤቱ በርበሬና እርድ የማይጠጣ ጥቁር ግራናይት ካልሆነ ብዬ ተሟግቼ አሸነፍኩ። አባባ በእጃቸው መረጡ። የነጩን እብነ በረድ ፊት በመዳፋቸው ዳበሱና «ቅቤ የተቀባ ነው የሚመስለው! ልጄ፣ ይሄማ የንጉሥ ቤት ነው» አሉ። ሁንዴ ደስታው ፊቱን ሞላው። ከሦስታችን አንዳችንም ግን እግራቸውን አልጠየቅንም።

ቤቱ አለቀና ገባን። ንጣፉ እንዳይጫር ጫማ በር ላይ ይወልቃል ተባለ፤ ለአባባ ካልሲ ተደረገላቸው። ካልሲው ያንሸራትታል፣ ቢያወልቁትም ያው ነው፤ ወለሉ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው። ጉድጓድ የለው፣ ጉብታ የለው፣ ጥቁር ድንጋይ የለው። ከዘራቸውም እየተንሸራተተ አስቸገራቸው። «አባባ፣ ግድግዳውን ይዘው ይሂዱ» ብላቸው ተቆጡኝ።

«በገዛ ቤቴ እንደ ሌባ ግድግዳ ልደባብስ?»

ሁንዴ ሶሊያና የምትባል የአቃቂ ልጅ አጭቶ ነበር። አንድ እሁድ ወላጆቿ ቤቱን ሊያዩ መጡ። እኔና ሁንዴ በሩን ከፍተን ሰላምታ ስንለዋወጥ አባባ ድምፅ ሰምተው ጋቢያቸውን አጣፍተው ከክፍላቸው ወጡ። ሳሎኑ መሃል ሲደርሱ ቆሙ። ያ ሳሎን ገና ብዙ ዕቃ አልገባበትም፤ የሰው ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ትንሽ ወደ ግራ ዞሩ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ። ድንገት ፊታቸው ፈካ፤ እጃቸውን ዘረጉ፤ ጀርባቸውን ለእንግዶቹ ሰጥተው «እንኳን ደህና መጣችሁ! ቤት ለእንግዳ፤ ግቡ፣ ግቡ» አሉ፣ ጥግ ላይ ለሚያጓራው ፍሪጅ።

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር፤ የምሰድበው ሰው አገኝ ነበር። የሶሊያና እናት አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ሁንዴ መሬት መሬት ያያል። ያ የተዘረጋ እጅ የሚጨብጠው አጥቶ ሲቀር ሮጬ ያዝኩት። «ኢፍቱ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የት ነው ያሉት?»

ከዚያ ቀን ወዲህ አባባ ከክፍላቸው መውጣት ተዉ። «እግሬን አሞኛል» ይላሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ያመማቸው እግራቸው እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ምግብ አልጋቸው ድረስ ይገባላቸዋል። ለሽምግልና የሚመጣ ሰው ሲኖር «ተኝተዋል በሉት» ይላሉ። ባታቸው መቅጠን ጀመረ። እኔ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አጠገብ ለጠያቂዎች ሳሙናና ዳቦ የምሸጥባት ሱቅ አለችኝ፤ ሰው የታሰረበት ቤተሰብ ፊቱ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ያን ሰሞን ያንኑ ፊት የራሴ መስታወት ውስጥ አየሁት።

«ቤት ነው የሠራህላቸው ወይስ እስር ቤት?» አልኩት ሁንዴን።

«እኔ ምን ላድርግ? ምንጣፍ አንጥፊላቸው!»

አነጠፍኩ። ምንጣፉ እብነ በረዱ ላይ ተንሸራተተና በጉልበታቸው ጣላቸው። ካነሳኋቸው በኋላ «ተይኝ፣ ልጄ፤ ይበቃኛል። ብዙ ሄጃለሁ» አሉኝ። አባቴ ሲያለቅሱ አላየሁም፤ ያን ዕለት ግን እኔ ማድቤት ገብቼ ጥቁሩ ግራናይት ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ከአሮጌው ቤት የተረፈች የእናታችን ወፍጮ ጓሮ ተጥላ ነበር። አንድ ጠዋት ልብስ ሳጥብ በባዶ እግሬ ወጣሁባት፤ ውስጥ እግሬን ቆነጠጠችኝ። ያኔ ትዝ አለኝ። እናታችን ወፍጮዋ ስትለሰልስባት መውቀሪያዋን ይዛ ኮ፣ ኮ፣ ኮ እያደረገች ትወቅራት ነበር። «የለሰለሰ ወፍጮ እህል ያንሸራትታል እንጂ አይፈጭም» ትል ነበር። እርጥቡን ልብስ እንደያዝኩ ቀረሁ። ወፍጮ ከተወቀረ፣ ወለል የማይወቀረው ለምንድነው?

በቀጥታ ወደ ሳህሌ ሄድኩ።

«አብደሻል እንዴ?» አለኝ። «ስንት ጊዜ ለፍቼ ፖሊሽ ያደረግኩትን በገዛ እጄ ላበላሸው? ነገ የሳህሌ ሥራ ነው ሲባል ምን ልበል?»

«የሳህሌ ሥራ ነው ይባላ! የሳህሌ ሥራ በቁማቸው የቀበራቸው ሰው ናቸው ይባል!» አልኩት። አፌ እንዲህ ነው፤ ካመለጠኝ በኋላ ነው የምሰማው። ሳህሌ የያዘውን መዶሻ አስቀመጠ። «አምጫቸው እስቲ» አለ።

አባባን ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ እንደገና ለምኜ በባጃጅ ወሰድኳቸው። ጫማቸውን አውልቀው ከድንጋይ ድንጋይ እየተሻገሩ ቆሙ። የተወለወለው ላይ ሲቆሙ የእግራቸውን ጣቶች እንደ ጨበጡ ቀሩ። ውልወላ ያልነካው ላይ ወጥተው «ይሄ ዝም ይላል» አሉ። ሳህሌ በጥርሳም መዶሻ የወቀረው ቁራጭ ላይ ሲወጡ ግን ጣቶቻቸው ተከፈቱ። በተረከዛቸው ሞከሩት፤ በጣታቸው ሞከሩት። ከዘራቸውን ለእኔ ሰጡኝ።

«ይሄ ያናግራል» አሉ።

ሁንዴ ጭነት ይዞ ጅቡቲ ወርዶ ነበር። ልጠብቀው? አልጠበቅሁትም። ሳህሌ መጥቶ ከአባባ አልጋ እስከ ሳሎኑ በር፣ ወደ መጸዳጃውም የምትገነጠል አንዲት ቅርንጫፍ ጨምሮ፣ የአንድ ሰው ትከሻ ያህል ስፋት ወቀረው። በሩ ሥር ሲደርስ ሰፋ ያለ አራት ማዕዘን አድርጎ ጠለቅ አድርጎ እንዲወቅረው ነገርኩት። ቤቱ በነጭ አቧራ ተሞላ። አባባ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው የመዶሻውን ድምፅ ሲያዳምጡ ቆዩና «ከውሲ ወፍጮዋን እየወቀረች ይመስላል» አሉ።

ሲያልቅ ወለሉን ጠረግሁና «አባባ፣ ይነሱ» አልኳቸው። ተነሱ። አንድ እግር፣ ከዚያ ሌላው። መሃል ላይ ሲደርሱ የሚቆሙ መስሎኝ ነበር፤ አልቆሙም። አራት ማዕዘኑን ሲረግጡ እጃቸውን ወደ በሩ እጀታ ሰደዱ።

«ደረስኩ» አሉ።

ሁንዴ ተመልሶ በሩን ሲከፍት ቤቱን ያወቀው አልመሰለኝም። «ማነው ይሄን ያደረገው?»

«እኔ ነኝ።»

«ወገቤ የተቆረጠው እኮ ለዚህ ወለል ነው! ሠርጌ ደርሶ! ሰው ሁሉ ሊመጣ!» ጮኸ፤ እኔም ጮኽሁ። እውነቱን ለመናገር መስመሩ አያምርም፤ የታረሰ ማሳ መሃል ቤት የገባ ነው የሚመስለው። ያም ሆኖ ይቅርታ አልጠየቅሁትም። እሱም እስከ ሠርጉ ድረስ አላናገረኝም፤ ወጥ ስሰጠው እንኳ «አመሰግናለሁ» የሚለው ለሳህኑ ነበር።

የሠርጉ ዕለት ከበሩ ጀምሮ መሃል ሳሎኑን የሚያቋርጥ ቀይ ምንጣፍ ዘርግቶ፣ እንዳይንሸራተት ዳርና ዳሩን ወለሉ ላይ በፕላስተር አጣብቆ አገኘሁት። የአባባ መንገድ ከሥሩ ጠፍቷል። አፌን ስከፍት «ለአንድ ቀን ነው፣ ኢፍቱ፤ ለአንድ ቀን» አለኝ። በሠርጉ ቀን ምን ልበለው? ምላሴን ነክሼ ተውኩት።

ሙሽሮቹ ሲገቡ ቤቱ በሰው ተጨናነቀ፤ እልልታው ጆሮ ይበጥሳል። አባባ አዲሱን ጋቢያቸውን ለብሰው፣ በባዶ እግራቸው፣ ከክፍላቸው ወጡ። ልጃቸውን ከደጅ ሊቀበሉ ነው። ትንሽ ሄዱ፤ እግራቸው የምንጣፉን ጠርዝ ነካ። ቆሙ። በአውራ ጣታቸው ጠርዙን ዳበሱ። አንድ እርምጃ ወጡበትና ድንጋዩን ፈለጉት፤ የለም። ፊታቸው ቀስ እያለ ከበሩ ወደ ጎን መዞር ጀመረ። ፍሪጁ ወዳለበት።

ልጮህ ስል ሁንዴን አየሁት። አይቷቸዋል። የሶሊያናን እጅ ለቀቀ። በዚያ በነጭ ሱፉ ወለሉ ላይ ተንበረከከ፤ ፕላስተሩን በጥፍሩ ቦጨቀው።

«ተነሱ! ተነሱልኝ፣ ልቀቁት!» ይላል ምንጣፉን የረገጠውን ሁሉ እየገፋ። እልልታው ጸጥ አለ። በጉልበቱ እየሄደ ከበሩ እስከ አባባ እግር ድረስ ጠቀለለው፤ የቆሙበት ሲደርስ እንደ ሕፃን እግራቸውን በእጁ አንስቶ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠው። «ይሂዱ፣ አባባ» አለ።

አባባ ሄዱ። ማንም አልያዛቸውም። አራት ማዕዘኑን ሲረግጡ «ደረስኩ» አሉ፤ እጃቸውን ዘረጉ፤ በትክክል ሶሊያና ወደቆመችበት። ልጅቱ ጎንበስ ብላ እጃቸውን ሳመች። «እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ግቡ፣ ልጆቼ፤ ግቡ» አሉ። ሁንዴ የተጠቀለለውን ምንጣፍ እንዳቀፈ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ይንሰቀሰቃል፤ ሰው አየኝ አላየኝ አላለም።

ከዚያ በኋላ ምንጣፍ እቤታችን አልተነጠፈም። ሽምግልናውም ተመለሰ፤ የሰፈሩ ሰው በሩ ላይ እጃቸውን ጨብጦ ይገባል። የቀጣዩ ዓመት ክረምት ሲያልፍ አባባ አንድ ጠዋት ሳይነሱ ቀሩ። ዋዜማውን ብቻቸውን በሩ ድረስ ሄደው፣ የዝናቡን ማባራት በእጃቸው አይተው፣ ብቻቸውን ተመልሰው ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንደ በግ ሳይጎተቱ ሄዱ።

ለሙት ዓመታቸው ሐውልት ልናሠራ እኔና ሁንዴ ሳህሌ ዘንድ ሄድን። አሁን የሄድነው ከኋላ ወዳለው ረድፍ ነው። ሳህሌ እንደ ልማዱ ድንጋዩ ላይ ውሃ አፍስሶ «ስማቸው እዚህ ይቀረጻል። ከላይ እንደ መስታወት አደርግላችኋለሁ፤ ሰው ሁሉ የሚመርጠው እንደሱ ነው» አለ። ወንድሜን አየሁት።

ሁንዴ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ፈታ። ካልሲውን አወለቀ። በሠራተኛውና በገበያተኛው ሁሉ ፊት በባዶ እግሩ ያን እርጥብ፣ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ ላይ ወጣ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ ብዙ ቆየ።

«ወቅረው» አለ ለሳህሌ። «አለዚያ መድረሳቸውን በምን ያውቃሉ?»