ያልተሳለመችው ደጃፍ

ማሪቱን የጠየቃት የለም። ያ ቤት ሰበታ ላይ ሲቆም ጭቃውን በእግሯ ያቦካች እሷ፣ ምሰሶው ሲተከል "ዘሟል፣ አቅኑት" ብላ አናጢ ያዘዘች እሷ። ዛሬ ግን በዚያው ቤት ሳሎን ካርታ ተዘርግቶ ስለ ጣና ጉዞ ሲመከር ሦስተኛ ቀኑ፣ "እርስዎስ ምን ይላሉ?" ብሎ ዞር ያለላት አንድ ሰው አልነበረም።

መካሪው ካሳሁን ነው፤ የልጇ የአትክልት ባል። ፋብሪካ ውስጥ ጸሐፊ ነው፤ እርሳስ ጆሮው ላይ የሰካ ቀን አገር የሚያስተዳድር ይመስለዋል። ከፋሲካ ማግስት የዓመት ፈቃዱን ይወስዳል። የቡራዩው ነጋዴ አብዱረዛቅ ላንድሮቨሩን ከነሹፌሩ ሊያውሰው ቃል ገብቶለታል። በሱሉልታ ወጥተው፣ የዓባይን በረሃ ተሻግረው፣ ደብረ ማርቆስ አድረው ባሕር ዳር ይገባሉ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን በሞተር ጀልባ ሐይቁ ላይ መንሸራሸር ነው።

"ማዕበል ቢነሣብንስ?" አለች አትክልት።

"የምን ማዕበል? ሐይቁ እኮ እንደ ገበያ ነው አሉ። ጎርጎራ የሚሄድ ጀልባ አለ፣ እንጨት የጫነ ታንኳ አለ፣ ዓሣ አጥማጅ አለ፤ እርስ በርሱ እየተጋፋ ነው የሚተላለፈው። ሰው በሞላበት ምን ትሆኛለሽ?"

ከዚያ የተጓዦቹን ስም ከደብተሩ ላይ አነበበ። የማሪቱ ስም የለበትም።

"እማማ ከዶሮዎቹ ጋር ይሆናሉ" አለ ካሳሁን፣ ቀና ሳይል። "መንገዱ ይከብዳቸዋል። ውሃውም ያስደነግጣቸዋል።"

ማሪቱ ጥግ ላይ ሆና ምስር ትለቅም ነበር። ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

"ማንን ነው ውሃ የሚያስደነግጠው?"

"አይ እማማ፣ ለእርስዎ አስቤ እኮ…"

"ለኔ አታስብልኝ! አንተ በወረቀት የምታየውን ሐይቅ እኔ በእግሬ ሄጄ ደርሼበታለሁ። አንተ እናትህ ሆድ ውስጥ እንኳ ሳትታሰብ በታንኳ ተሻግሬ ደጋ እስጢፋኖስን ተሳልሜአለሁ። የነገሥታቱን አስከሬን በዚህ ዓይኔ አይቻለሁ። ከዶሮ ጋር? ይልቅ አንተ ከዶሮዎቹ ጋር ብትቀር እንቁላል ትቆጥርልን ነበር።"

አትክልት ሳቀች። ካሳሁንም እያፈረ ሳቀ። ማሪቱ ደጋን የመሳለሟን ወሬ ሰበታ ላይ ያልሰማ ጎረቤት አልነበረም፤ እንዴት ዘነጋሁት ብሎ ራሱን አከከ፤ እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ "እማማ፦ የደጋ መሪ" ብሎ ጻፈ።

ማሪቱ ሰፌዷን አነሣች። ድል ማድረጓ ነው፤ እጇ ግን እንክርዳዱን ትቶ ምስሩን ይጥል ነበር።

እውነቱን የሚያውቁት እሷና ፈጣሪዋ ናቸው። ጣሊያን ሊገባ ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ ባሏ ወንዳፍራሽ በቅሎ እየነዳ ጎጃም ይነግድ በነበረ ጊዜ፣ መካንነቷ አንገብግቧት "ውሰደኝ፣ ተስዬ ልምጣ" ብላ አብራው ወጣች። ሐይቁ ዳርም ደረሰች፤ እዚህ ድረስ ውሸት የለበትም። ወንዳፍራሽ ለሸቀጡ ገበያ ዋለ። እሷ ጧፏን ታቅፋ ውሃው ዳር ወረደች። ከሩቅ ጥቁር ሆኖ የሚታየውን ደሴት "ያ ደጋ ነው፣ የነገሥታት አስከሬን ያለበት" ብለው አሳዩአት። ታንኳው ወዴት እንደሚሻገር ሳትጠይቅ አንድ እግሯን ላዩ ላይ አደረገች። ያ በደንገል ሣር የታሰረ ታንኳ ከሥሯ እንደ እንስሳ ተላወሰ፤ ውሃው ቀሚሷን ነካት፤ ጮኸች። ዘላ ስትወርድ ጭቃው ላይ በግንባሯ ተደፋች፤ ቀዛፊዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ጧፉን ለተሳፈሩ አንድ አረጋዊ መነኩሴ ሰጥታ ቀሚሷ እስኪደርቅ ዛፍ ሥር ተቀመጠች። ማታ ወንዳፍራሽ "ተሳለምሽ?" ሲላት "ተሳለምኩ" አለችው። በዓመቱ አትክልትን ወለደች። ከዚያ በኋላ ወሬው በራሱ እግር ሄደ። በየማኅበሩ ደረጃ ተጨመረለት፣ ደወል ተጨመረለት፣ አስከሬኖቹ መስተዋት ውስጥ ገቡ።

ይህ ሁሉ ማንንም አይጎዳም ነበር፤ ደጊቱ ባትሰማው።

ደጊቱ አጥር የምትጋራቸው ጎረቤት ናት፤ የገበሬው የመገርሳ ሚስት። ከተዳረች ዐሥራ አምስት ዓመቷ፣ ልጅ የላትም። ማሪቱ "እኔም እንዳንቺ ነበርኩ፤ የደጋን ደጃፍ በሳምኩ በዓመቱ ነው ያገኘሁ" ካለቻት ወዲህ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ጥጥ ስትፈትል ኖራ ለእስጢፋኖስ መጋረጃ አሠርታለች። ካሳሁን ጉዞውን ሲያስብ መጀመሪያ "እኔንም ጻፉኝ" ያለች እሷ ነበረች።

በሳምንቱ እሑድ ካሳሁን መሪጌታ ተድላን ጠራ። ጎጃም ቅኔ የተማሩ፣ አገሩን ከነገዳሙ የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ የጉዞውን መርሐ ግብር ሰምተው እንዲያርሙለት ነው። ሽምብራ ቆሎ ቀረበላቸው። ካሳሁን ቆሞ ማንበብ ጀመረ።

"ማክሰኞ፣ ጠዋት በሞተር ጀልባ ወደ ደጋ እስጢፋኖስ። መሪ እማማ ማሪቱ። ሴቶቹ ደጃፉን ይሳለማሉ፤ ደጊቱ መጋረጃዋን በእጇ ታስገባለች።"

መሪጌታ ማኘካቸውን ተዉ። ካሳሁንን ሳይሆን ማሪቱን አዩ። አስተያየታቸው የቁጣ ቢሆን በወደደች። ሰው ልብሱ ተቀዶ ሳያውቅ አደባባይ የቆመን ሰው እንደሚያየው አድርገው ነው ያዩአት።

"ወይዘሮ ማሪቱ፣" አሉ በቀስታ፣ "ዘመኑ ሩቅ ነው። ምናልባት ዳር ላይ ያለችው ሌላይቱ ቤተ ክርስቲያን ትሆን የተሳለሟት?"

በር እየከፈቱላት ነበር። እሷ ግን አማቿ ፊት ያን በር አላየችውም።

"ምን ማለትዎ ነው፣ መሪጌታ? የቆምኩበትን የማላውቅ ጅል ነኝ? ደጋ ነው! ደረጃው አርባ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ።"

"አርባ" አሉ መሪጌታ። "እሺ።" ከዚያ ሽምብራቸው ላይ አቀረቀሩ፤ ስለ መንገዱ እንጂ ስለ ደጋ ሌላ ቃል አልተናገሩም።

ሲወጡ ማሪቱ ተከትላቸው እስከ አጥሩ በር ሸኘቻቸው።

"ምንድን ነው ያዩኝ?"

ወዲያ ወዲህ አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ደጋ የወንድ ገዳም ነው፣ እናቴ። ሴት ደሴቷን አትረግጥም። ዛሬ የመጣ ሥርዓት አይደለም፤ ከጥንት ነው። አገሩ ሁሉ ያውቀዋል።"

ማሪቱ የአጥሩን እንጨት ያዘች። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የተናገረችው ውሸት እንኳ ለሷ የማይቻል ነበር! ታንኳው ላይ ብትደፍር ኖሮም፣ ብትሻገር ኖሮም፣ ያን ደጃፍ ሴት አትስመውም።

"እኔ የሰማሁት የለም" አሉ መሪጌታ። "ጀልባው ወደ ደጋ አይሄድም ብዬ ለካሳሁን እነግረዋለሁ። ስምዎ አይነካም።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አለች። ይህን ቃል ስትል ከአፏ የወጣው ድምፅ የሷ አይመስልም ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ወንዳፍራሽ ትዝ ያላት። ዐሥር ዓመት በዚያ መንገድ በቅሎ የነዳ ሰው! አገሩ ሁሉ የሚያውቀውን እሱ ሊያጣው ነው? ወሬዋን በጀመረች ቁጥር "ይበቃል ማሪቱ፣ እንግዶቹ ይብሉበት" ይል እንደነበር አስታወሰች። ወሬ ያሰለቸው ይመስላት ነበር። ለካ ያውቃል። እያወቀ፣ ገበናዋን ተሸክሞላት መቃብር ገባ። ፊቷ እንደ ቃጠሎ ነደደ፤ ከሞተ ሰው ፊት የት ይደበቃል?

በማግሥቱ ካሳሁን "የሞተር ጀልባው ደጋ አይሄድም አሉ" ብሎ መስመሩን ሰረዘ። ማሪቱም ተነፈሰች። የተነፈሰችው ግን ደጊቱ እስክትመጣ ነው።

ደጊቱ መጋረጃውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ይዛ ገባች። "አካም ቡልተን፣ አዴ ማሪቱ" ብላ እንደ እናቷ በኦሮምኛ "እንዴት አደሩ" አለቻትና ጉልበት ሳመች፤ ከዚያ ሳትቀመጥ ሳቀች። "ጀልባው አይሄድም አሉን፤ አልኳቸው፣ ለኔ ጀልባ ምን ያደርግልኛል? አንቱ በታንኳ ሄደው የለም እንዴ? እኔም በታንኳ እሄዳለሁ።"

"ታንኳ አደገኛ ነው፣ ልጄ።"

"አንቱ ፈርተው ነበር?"

ማሪቱ ዓይኗን ወደ መጋረጃው መለሰች።

ደጊቱ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አማቴ ከተጂ መጥታ መገርሳን 'ሌላ አግባ' ብላዋለች። እኔ 'ደጋን ስሜ እስክመለስ ጠብቀኝ፣ ከዚያ ወዲያ አልከለክልህም' አልኩት። እሺ ብሎኛል። ዋቃዮ፣ አምላኬ! አዴ፣ እንዴት እንደሚሳም ያሳዩኝ። ተንበርክከው ነው የሳሙት ወይስ ተደፍተው?"

በምድር ላይ ከዚህ የከፋ ጥያቄ የለም። ማሪቱ የልጅቷን ፊት አየች፤ ክፋት አልነበረበትም፤ ሊማር የመጣ ፊት ነው። ይህች ሴት ያን ሁሉ መንገድ ሄዳ፣ ውሃው ዳር "ሴት አትገባም" ይሏታል። ያኔ ከባሏም፣ ከአማቷም፣ ከስለቷም ፊት ባዶ እጇን ቆማ ትቀራለች። ዝም ማለት ይቻላል፤ ወንዳፍራሽ ችሎታል። ግን የወንዳፍራሽ ዝምታ ሰው አልገደለም።

"አትክልት!" ብላ ጮኸች። "ካሳሁን! ኑ ወዲህ።"

መጡ። ካሳሁን ብዕር ይዞ ነበር፤ የሚጻፍ ነገር የተገኘ መስሎት።

"ደጋን አልተሳለምኩም" አለች ማሪቱ። "ደጋ ሴት አይገባበትም። እኔ ታንኳ ላይ አንድ እግሬን አድርጌ፣ እንደ ፍየል ጮኼ፣ ጭቃ ላይ ወደቅኩ። ጧፌን መነኩሴ ወሰደልኝ። የነገሥታት አስከሬንም፣ አርባ ደረጃም አላየሁ። ይኸው ነው።"

ከውጭ ዶሮዎቹ ሲጭሩ ይሰማል።

"እማዬ፣" አለች አትክልት ቀስ ብላ፣ "ዘመኑ ረዝሞብሽ ነው፤ ረስተሽው ነው።"

"አልረሳሁም! ዋሽቼ ነው። ሰው ሲዋሽ ስሙ ውሸት ነው።"

ካሳሁን ብዕሩን ከፈተ፣ መልሶ ከደነ። እንደ ልማዱ መላ ፈለገ። "ዘጌ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረት አለች፤ ሴትም ወንድም ትቀበላለች ብለውኛል መሪጌታ። መጋረጃውን ለሷ…"

"የተሳልኩት ለእስጢፋኖስ ነው" አለች ደጊቱ። መጋረጃውን በጨርቁ መልሳ ጠቀለለችው፤ ማዕዘኑን ከማዕዘን አጋጥማ፣ ሳትቸኩል፣ ሽንቁር ፍለጋ የምታይ ይመስል እያየችው። ከዚያ በራፉ ላይ ዞር ብላ "ደኅና ዋሉ፣ አዴ" አለችና ሄደች።

ያ "ደኅና ዋሉ" ማሪቱን አላስቀመጣትም። ምሳም አልበላችም። ካሳሁን ሊያጽናናት "እማማ፣ ከመሪነት ባይሆንም ከተጓዦቹ ስምዎ አለ" ቢላት "አፍህን ያዝ" አለችው፤ ስድቡ እንኳ ጉልበት አልነበረውም። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። በአጥሩ ቀዳዳ መሾለክ ትችል ነበር፤ ሠላሳ ዓመት የሾለከችበት ነው። ዛሬ ግን ሰው እያያት በዋናው መንገድ ዞራ ሄደች።

የመገርሳ በር ላይ ቆመች። ግቢው ውስጥ አማትየዋ ገብስ ታሰጣለች፤ ሁለት ጎረቤቶች ቁጭ ብለዋል። ደጊቱ ከቤት ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል፤ አንገቷን ግን ደፋ አድርጋ እንደ ወትሮው እጅ ነሣች።

"ይግቡ፣ አዴ። ፀሐይ ነው።"

"አልገባም።"

"ውሃ ላምጣልዎ?"

"ውሃሽን አልፈልግም!" አለች ማሪቱ፣ ጎረቤቶቹ ቀና እስኪሉ። "ባሌ እያወቀ ዝም አለኝ። መሪጌታው እያወቁ ሊሸፍኑኝ ፈለጉ። ልጄ 'ረስተሽ ነው' አለችኝ። ሁሉም አዘነልኝ፤ ሰው የሚያዝነው ለጅልና ለበሽተኛ ነው፣ እኔ ሁለቱንም አይደለሁም። አንቺ ግን ሁለት ዓመት በኔ አፍ የፈተልሽ፣ አንቺ ለኔ ልታዝኚ አትችዪም። ነይ፣ እዚህ አማትሽ ፊት ቁሚ። ስደቢኝ። አማርኛው ካነሰሽ በኦሮምኛው ጨምሪበት፣ ሁለቱንም እሰማለሁ። ስደቢኝ እንጂ፣ ደጊቱ! ምን ትጠብቂያለሽ?"