የኑርዬ በር

ወደ ባቲ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ፣ ይመር በገዛ እጁ ለሞተሩ የሠራው መደገፊያ ከኋላ ተንኳኳ። ሚስቱ ሀዋ ጀርባዋን አስደግፋበት ስለነበር ማንኳኳቱ ከጆሮዋ በፊት አከርካሪዋ ላይ ተሰማት።

«ይመር፣ ሰው አለ» አለችው።

ይመር በስፖኪዮው ተመለከተ። ከኋላቸው ባዶ አስፋልት ነው። ዳር ይዞ አቆመና ወርዶ መደገፊያውን ዞሮ አየው፣ በመዳፉም ዳበሰው። እንጨት ነው። እንደገና ተነሡ። ሞተሩ ፍጥነት ሲይዝ እንደገና ተንኳኳ፤ ፈጠን፣ ፈጠን፣ ከዚያ ዘግየት።

ልጃቸው ኑርዬ በር የሚያንኳኳው እንዲህ ነበር።

ኑርዬ ባሕር ተሻግሮ ሊሠራ በዚሁ መንገድ ወጥቶ የቀረ ልጅ ነው። አብረውት ከወጡት ጎረምሶችም የአንዳቸው ወሬ አልተሰማም። ጎረቤት ለቅሶ እንቀመጥ ቢላት ሀዋ «ምን አይታችሁ?» ብላ መለሰችው። ከዚያ ወዲህ፣ ይመር ከእንስሳት ክትባት ሥራው ጡረታ ሲወጣ በገዛው የረጅም መንገድ ሞተር ወደ ቆላ እየወረዱ፣ ሻይ ቤትና የከባድ መኪና መቆሚያ ባገኙበት ሁሉ ፎቶውን ያሳያሉ።

በዚህ መሐል መንገድ ሲሰፋ ቤታቸው ፈረሰ። ምትክ ቦታ ተሰጣቸው፤ ሀዋን የከነከናት ግን ሌላ ነበር።

«ልጄ የሚያውቀው ያንን በር ነው» አለች። «መጥቶ ቢያጣውስ?»

ይመር በሩን ከፍርስራሹ ጎትቶ አወጣና አዲሱ ቤት ግድግዳ ላይ አስደግፎ አቆመው። መንገዱ የሀዋን ወገብ ሲጎዳው ከበሩ ላይ ቆርጦ መደገፊያ ሠራላት። ፊቱን ስፖንጅና ቆዳ አለበሰው። ጀርባውን ግን አልነካውም፤ አረንጓዴ ቀለሙ እንደተላላጠ ነው።

ባቲ እንደደረሱ ብየዳ ቤት ገቡ። በያጁ ሙሄ የሚባል፣ በመንገድ የሚያውቁት ሰው ነው።

«ማጠፊያና መቀርቀሪያ ግጠምልን» አለው ይመር።

«መደገፊያው ላይ?»

«አዎ። ሰው እያንኳኳ ነው።»

ሙሄ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ወደ የት ይከፈት?»

«ወደ እኛ» አለች ሀዋ።

ሙሄ በስንዝሩ ለካው። «ጠባብ ነው እትዬ። የጎልማሳ ትከሻ አያሳልፍም።»

«መጀመሪያም በጠባብ ነው የመጣው» አለችው።

ሙሄ የብረት መቃን ሠራለት፣ ማጠፊያውን በየደው፣ መቀርቀሪያውን ዘይት ቀባው። ቆመው ሲከፍቱት ወዲያ ማዶ የሚታየው የሙሄ የብረት ክምር ነበር። ሦስቱም ትንሽ ተመለከቱት።

«እየሄዳችሁ ክፈቱት» አለ ሙሄ።

ሀዋ ፊቷን ወደ ኋላ አዙራ ተቀመጠች። እንዳትወድቅ ከይመር ጋር ጀርባ ለጀርባ ሆና በመቀነቷ ታሰረች። ከከተማው ወጥተው ሜዳው ላይ ሲደርሱ ተንኳኳ።

«ማነው?» አለች ሀዋ።

«እኔ ነኝ እማ።»

ድምፁ አምሽቶ ሲመጣ እንደሚያሰማው ዝቅ ያለ ነበር። መቀርቀሪያው ሲንሸራተት ይመር ሰማ። በዚያ ሐሩር ማጅራቱን ብርድ መታው። መዞር አይችልም፤ በስፖኪዮው የሚያየው ያው መንገዱን ነው።

«አባዬስ አለ?» አለ ኑርዬ።

«አለ፤ እየነዳ ነው።»

የይመርን እንባ ነፋሱ ወደ ጆሮው ወሰደበት። እጁ ሳያዘው ወደ ፍሬኑ ሄደ።

«እንዳትይዝ!» አለች ሀዋ። «ብንቆም ይዘጋል።»

እጁን መለሰ።

«እማ» አለ ኑርዬ። «ሌሎቹም እዚህ አሉ። በር ያለኝ እኔ ብቻ ሆኜ ነው። ይግቡ?»

ሀዋ አላመነታችም። «ይግቡ እንጂ! ምን ውጭ ያቆማቸዋል? ይመር፣ ጠጋ በል።»

ይመር ደረቱ የነዳጁን ታንከር እስኪነካ ተጠጋ። የሞተሩ የኋላ ሞላ ከክብደቱ ዝቅ አለ፤ ደግሞ ዝቅ አለ። ቀዝቃዛ እጆች በሀዋ ጎን አልፈው ወገቡን ያዙት። ሌሎች እጆች ትከሻውን ያዙ፤ ሌሎች ደግሞ ከእነዚያ ኋላ ልብሱን ጨበጡ። የማንኛው እጅ የልጁ እንደሆነ ለመለየት ሞከረ፤ ሁሉም አጥብቀው ይዘውታል። ነዳጅ ሰጠ።

ዝናብ ባላየው አስፋልት ላይ ከልጆቹ ልብስ የተንጠባጠበ ውሃ ከኋላቸው እርጥብ መስመር አስምሮ ቀረ። ግራር ሥር ተኝተው የነበሩ ፍየሎች አንድ በአንድ ተነሥተው ወደ መንገዱ ወጡና የባሕሩን ጨው ይልሱ ጀመር።